ከአምስቱ ገጽ አራቱ የእሱ ነው

የአንባቢ ደብዳቤ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ መምህር ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ በኪነት ቡድኖች ዘመን የተዋወቅሁት፣ በኋላ አገር ያወቀው ድምፃዊ የሆነ ሰው ባለቤት ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ አንዲት ልጅ አለችን። እሱ አዲስ አበባ ቀረ፣ እኔ ደሴ። ሳንጣላ ተለያየን። ዛሬም ገበያ ስወጣ በእሱ ዘፈን ነው የሚጠሩኝ። ታሪኬን መጻፍ ጀምሬ ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። አንድ አሳታሚ ግን ‹ስሙ ርዕሱ ላይ፣ ፎቶው ሽፋኑ ላይ ካልሆነ አይሸጥም› አለኝ። ወንድሜ ‹የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም› ይላል። ልጄ ዝም ብላለች። ልጻፈው ወይስ ልተወው? የጻፈልኝን ደብዳቤዎችና ፎቶዎቻችንን ማውጣት እችላለሁ? በታወቀው ዘፈኑ ውስጥ ያሉ ሁለት ስንኞች ከእኔ አፍ የወጡ ናቸው፤ ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? ከሁሉም በላይ፣ እሱ ባለበት መጽሐፍ ውስጥ እኔ እንዴት እኔ ሆኜ እገኛለሁ?»

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን እዚህ ያሳጠርነው ለዓምዱ ቦታ ስንል ነው፤ እኔ ሙሉውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አምስት ገጽ ነው። ከአምስቱ አራቱ ስለ እሱ ያወራል። መድረክ ላይ ይለብሰው የነበረው ነጭ ሸሚዝ አለ። የመጀመሪያ ካሴቱ የወጣ ሰሞን ፒያሳ ላይ ሱቅ ለሱቅ ሲቀባበለው የነበረው ድምፁ አለ። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ ያንጎራጎረው አለ። ሁሉንም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሽበት ክፍል ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የመጀመሪያውን ደብተርሽን በነጠላ ጠቅልለሽ ከልጅሽ ጋር በእግር መውጣትሽንማ በግማሽ መስመር አለፍሽው፤ ያውም ወዲያው «እሱም ያን ሰሞን ደውሎ ነበር» የሚል ተከትሎት።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የሌሎቹም መልስ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነውና። መጽሐፉ ውስጥ እንዳትገኚ ያደረገሽ የሰውየው ዝና ብቻ አይደለም። አንቺም ብዕር ስታነሺ ዓይንሽ የሚሄደው እሱ ወደቆመበት ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ዕድሜሽን ሙሉ ሰው የጠየቀሽ ስለ እሱ ነው፤ ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ በአፍሽ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስለ ራስሽ የጠየቀሽ ሰው ስለሌለ ግን የራስሽን ታሪክ ለማንም ተርከሽው አታውቂም። ደብተሩ ላይ የጎደለው ይኸው ነው፤ ሊሞላ የሚችልም ነው።

ወሎ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው፤ ትዝታንም ሆነ አንቺ ሆዬን የወሎ ሰው ከቤቱ አይለያቸውም። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል እየሰማ ያደገ ሕዝብ ድምፃዊውን እንደ ዘመዱ ነው የሚቆጥረው፤ የተዘፈነላትን ሴት ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ይመስለዋል። ገበያ ላይ በዘፈን የሚጠሩሽ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፣ ይወዱሻል። ግን ዘፈኑ ውስጥ ያለችውን ሴት እስኪ ልብ ብለሽ እያት። ዓይን አላት፣ ፀጉር አላት፣ ጥርስ አላት፣ ቁመናም አላት። ደመወዝ የላትም። የፈተና ወረቀት አታርምም፣ ልጇ ስታተኩስ ሌሊት ተሸክማ አትሮጥም፣ በሰልፍ ቆማ ስኳር አትገዛም፣ አታረጅም። ስትርቅ ትናፈቃለች፣ ስትቀርብ ትደነቃለች፤ በቃ። በቋንቋችን ካሉት የፍቅር ግጥሞች ብዙዎቹ የተገጠሙት ከሚያያት ሰው ወገን ነው። ከእሷ ወገን ሆኖ ያን ዘመን፣ ያን ከተማ፣ ያን ሰውዬ የሚያሳይ ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። «ልጻፈው ወይስ ልተወው» ላልሽው መልሴ ጻፊው ነው፤ ምክንያቴም ይህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሦስቱን ደብተሮች ለጊዜው አስቀምጪና አራተኛ ክፈቺ። እሱ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ብቻ ጻፊበት፤ አንድም ቦታ ስሙ አይነሳ። ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለውን የእናትሽን ቤት ጻፊ። ገበያው በሚቆምበት ቀን ከየገጠሩ ምን ይመጣ ነበር? ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ግቢያችሁ ሲገባ እናትሽ ምን ትል ነበር? በእናትሽ ወገን እስላም፣ በአባትሽ ወገን ክርስቲያን ዘመዶች እንዳሉሽ በጨረፍታ ነግረሽኛል። ለእኛ ለወሎዎች ይህ የዕለት ኑሮ ስለሆነ ማንም አይጽፈውም። በግ እንዴት ነበር ለየብቻ የሚታረደው? በዒድና በፋሲካ ማን ለማን ይልክ ነበር? ቡናው ላይ ማን ይመርቅ ነበር? ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የገባሽበትን ዓመት ጻፊ። በ1977ቱ ድርቅ የአሥራ አምስት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ከገጠር ተሰዶ የመጣውን ሕዝብ በዓይንሽ አይተሻል፤ እናንተ ቤት ማን ተጠልሎ ነበር? እነዚያ ዓመታት ምን አድርገውሻል?

በኋላ ኪነቱ ሲመጣ መድረኩ ፊት የተቀመጠችው ይህን ሁሉ ያየች ልጅ ናት። አንባቢው እሷን አውቋት ከመጣ፣ ክራር ይዞ የወጣውን ወጣት በእሷ ዓይን ያየዋል። ቀድሞ እሱን ካገኘ ግን እሷን በእሱ ዓይን ያያታል፤ ዘፈኑም ያደረገው ይህንኑ ነው። የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አንቺ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ግን ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለኝም።

ሌላው፣ እሱ የሌለባቸው ቀናት ናቸው። «ለሥራ ሲወጣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይቆይ ነበር» ብለሽ ትዘያለሽና ተመልሶ ወደመጣበት ቀን ትሄጃለሽ። መሐል ያሉት ወራት የት ሄዱ? እኔ በጣም ማንበብ የምፈልገው እነሱን ነው። መብራት ጠፍቶ በሻማ ወረቀት ያረምሽበትን ሌሊት፣ የወሩን ደመወዝ ለቤት ኪራይ፣ ለጤፍና ለወተት የደለደልሽበትን ቀን፣ ሰው እንደ ሀብታም ሚስት እያየ ብድር ሲጠይቅሽ የመለስሽለትን መልስ። ሬዲዮ ላይ ድምፁን ሰምታ ልጅሽ «አባዬ ሬዲዮኑ ውስጥ ነው?» ስትል ምን አልሻት? አዲስ አበባ ግቢ ሲልሽ አንቺ ደሴን መርጠሽ መቅረትሽን «አልሄድኩም» ብለሽ አለፍሽው። ያ ውሳኔ ነው፤ ምናልባትም በሕይወትሽ ትልቁ። ተማሪዎችሽን ነው ያልተውሽው? እናትሽን? ወይስ እዚያ ብሄድ እጠፋለሁ ብለሽ ፈርተሽ ነው? አንቺ ብቻ የምታውቂው ነገር ነውና በደንብ ጊዜ ስጪው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት አለኝ። ራስን ለማግኘት የሚጽፉ ሰዎች አንዳንዴ ፍቅሩን ያሳንሱታል። «ያን ያህልም አልወደድኩትም ነበር» ዓይነት ነገር ይመጣል፤ ወይም ሰውየው ገጽ በገጽ እየከፋ ይሄዳል። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አንቺ ከልብሽ ነው የወደድሽው። መውደድሽም የራስሽ ነው፤ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ማንም አልዘፈነልሽም። ድምፁ ሲሰበር አንጀትሽ ምን እንደሚሆን፣ ከመድረክ ወርዶ ቤት ሲገባ እንዴት ዝም እንደሚል፣ ገና ያላለቀ ዜማ ይዞ በሌሊት ሲቀሰቅስሽ ምን እንደሚሰማሽ፣ ይህን አገር ምድሩ አድናቂው አያውቀውም። ሳትቆጥቢ ጻፊው። ሙሉ ሰው ሆነሽ መውደድሽ ከታየ፣ አንቺነትሽ በፍቅሩ አይጎድልም።

ከእኛ ርቆ የተደረገ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይጠቅምሻል። ሱዚ ሮቶሎ የምትባል የኒውዮርክ ልጅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከቦብ ዲላን ጋር ተዋወቀች። በ1963 በወጣው አልበሙ ሽፋን ላይ በብርድ ክንዱን ይዛ ስትሄድ ትታያለች፤ ዓለም የሚያውቃት በዚያች ፎቶ ነው። እሷ ግን ሠዓሊ ነበረች፤ ለዘር እኩልነት በሚታገል ድርጅት ውስጥም ትሠራ ነበር፤ በ1962 እሱን ትታ ሥዕል ልትማር ጣሊያን፣ ፔሩጃ ሄዳ ወራት ተቀምጣለች። ከተለያዩ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስለ እሱ ከመናገር ተቆጥባ ኖረች። ትዝታዋን ያሳተመችው በ2008 ነው፤ በ2011 አረፈች። የመጽሐፏ ዋና ርዕስ የዚያን አልበም ስም ያስታውሳል፤ ንዑስ ርዕሱ ግን የሚናገረው በ1960ዎቹ ስለነበረው ሰፈሯ፣ ስለ ግሪንዊች ቪሌጅ ነው። ዲላንን አልደበቀችውም፤ በሰፈሩ ውስጥ፣ ከሌሎች ሰዎች መሐል አኖረችው። አንቺም ደሴ አለችሽ። ፒያሳን፣ ሆጤን፣ ሸዋ በርን፣ የካሴት ሱቆቹን፣ የኪነት ልምምድ ቤቱን፣ አብረውት ይጫወቱ የነበሩትንና ስማቸው የተረሳውን ልጆች ጻፊ። ሰውየው በመጠኑ ይታያል።

ስለ ደብዳቤዎቹ የሕጉን ነገር በግልጽ ማወቅ አለብሽ። ወረቀቱ ያንቺ ነው፤ ለአንቺ ተልኳልና። የተጻፈው ቃል ግን የጸሐፊው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 31 መሠረት ምስጢራዊ ደብዳቤ የተላከለት ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን ሊገልጥ አይችልም። ስለዚህ በመጽሐፍሽ ልታትሚያቸው ከፈለግሽ አስፈቅጂው፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበዪ። አልፈቅድም ካለ ደብዳቤው የመጣበትን ቀን ጻፊ፤ ፖስታ ቤት ማን እንደሄደ፣ የት ቁጭ ብለሽ እንዳነበብሽው፣ አንብበሽ ምን እንዳደረግሽ። ያ ያንቺ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። በሌላ በኩል አንቺ ለእሱ የጻፍሻቸው ደብዳቤዎች ወረቀታቸው እሱ ዘንድ ቢሆንም ቃላቸው ያንቺ ነው፤ ካሉ ቅጂያቸውን እንዲሰጥሽ ጠይቂው። በእኔ ግምት ከእሱ ደብዳቤዎች ይልቅ ለመጽሐፉ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው፤ የሃያ ምናምን ዓመቷን አንቺን በራሷ አንደበት የምታገኚው እዚያ ነው።

ፎቶውም እንዲሁ ነው። የዚያው ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየትንና ማባዛትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ በዝናው ለታወቀ ሰው ወይም በአደባባይ ለተደረገ ነገር ልዩነት ያበጃል። መድረክ ላይ የተነሳው ፎቶና ቤት ውስጥ በፒጃማ የተነሳው ፎቶ አንድ አይደሉም። ያነሳው ፎቶ አንሺም የራሱ መብት አለው። ከማሳተምሽ በፊት ለአንድ ጠበቃ አሳይው፤ ለዚህ የምታወጪው ገንዘብ አይቆጭሽም።

ሁለቱ ስንኞች ልቤን ነክተውታል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው አዲስና የራስ ሲሆን፣ ተጽፎ ወይም በሌላ መንገድ ተቀርጾ ሲገኝ ነው። ወጥ ቤት ቆመሽ በአፍሽ ያልሽውን ዛሬ በፍርድ ቤት ማስረዳት ከባድ ነው፤ ያንንም የምትፈልጊ አይመስለኝም። መጽሐፍሽን ክስ አታድርጊው። «ግጥሙ የእኔ ነው» ብለሽ ከጻፍሽ አንባቢው ዳኛ ይሆናል፣ አድናቂው ጠላት ይሆናል፣ አንቺም መከላከል ውስጥ ትገቢያለሽ። ይልቅ ያን ማታ እንዳለ አምጪው። ምን እየሠራሽ ነበር? ምን ብሎሽ ነው ያን የመለስሽለት? እሱ ምን አለ፣ ክራሩን አነሳ ወይስ ዝም አለ? ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ቃልሽን በካሴት የሰማሽው፣ ያኔስ ደስ አለሽ ወይስ ተቆጣሽ? የኪነት ዘመን ግጥም በብዙ አፍ እየተቀባበለ እንደሚሠራ የሚያውቅ ያውቃል፤ ያንቺም አፍ አንዱ እንደነበረ ትዕይንቱ ራሱ ይናገራል። ዘፈኑን ስትጠቅሺ ስንኞቹን ብቻ ጥቀሺ፣ ከየት እንደሆኑም ግለጪ፤ ሙሉ ግጥሙን አትገልብጪ።

ወንድምሽን አትናቂው። የሚለው ነገር እውነት አለበት። አሥራ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው በእምነት የነገረሽ ነገር አለ፤ ሕመሙ፣ ዕዳው፣ የእናቱ ቤት ጉዳይ፣ ከአንቺ በኋላ ያገባት ሴትና ልጆቿ። እነዚህ የእሱ ናቸው፤ ብትጽፊያቸው መጽሐፉ ይሸጥ ይሆናል፣ አንቺ ግን ከራስሽ ታሪክ ወጥተሽ ወደ እሱ ትመለሻለሽ። አንቺ ላይ የደረሰውን ግን፣ መራራም ቢሆን፣ ወንድምሽ «ገመና ነው» ስላለ ብቻ አትተዪው። አንድ ነገር ልጻፈው አልጻፈው ብለሽ ስትጨነቂ «ይህ ነገር ሲሆን እኔ ምን ሆንኩ?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካለሽ ጻፊ። መልስ ከሌለሽ የሌላ ሰው ነው።

የልጅሽን ዝምታ እንደ ፈቃድ አትቁጠሪው። እሷ በአባቷ ዘፈን ውስጥም፣ በእናቷ መጽሐፍ ውስጥም ሳትጠየቅ የገባች ሰው ናት። ከአሳታሚውም ከወንድምሽም በፊት ደብተሮቹን ለእሷ ስጫት፤ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂያት፣ ብቻዋን ታንብብ። ስለ ራሷ የተጻፈውን የመሰረዝ መብት ስጫት። ስለ አንቺና ስለ አባቷ የተጻፈው ቢያማትም የመሰረዝ መብት የላትም፤ ግን ያመማትን ስሚያት። ምናልባት አንቺ የረሳሽውን ታስታውስሽ ይሆናል፤ ጥቅምት 2014 መንገድ ላይ ምን እንደተባባላችሁ ለምሳሌ።

አሳታሚው የሚለው የገበያ ነገር ከንቱ ነው አልልም፤ የታወቀ ስም መጽሐፍ ያሸጣል። ስሙ በጀርባው ሽፋን፣ በመግለጫው ውስጥ ይግባ፤ እውነት ነውና መደበቅ የለበትም። ርዕሱና የፊት ሽፋኑ ግን የአንቺ ይሁን። አሥራ አንድ ዓመት የሃምሳ ስድስት ዓመት አንድ አምስተኛ አይሞላም፤ የሒሳብ መምህር ነሽና ይህን ለአሳታሚው ራስሽ አስረጂው። አገራችን ውስጥ ብዙ ደራሲ ማተሚያ ቤቱን ራሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉን ለመጻሕፍት መደብሮች ራሱ አከፋፍሎ ነው የሚያሳትመው፤ ድካሙ ብዙ ነው፣ ግን ሽፋኑን የሚወስንልሽ የለም። ዓለም አቀፉን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ታገኚያለሽ። ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ረቂቁን አስተይቢና በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢው፤ የደብተሮቹንም ፎቶ ኮፒ ከቤት ውጪ በሌላ ሰው እጅ አስቀምጪ፤ አንድ ጊዜ በነጠላ ጠቅልለሽ ለመሸሽ ተገድደሻልና።

አራተኛው ደብተር ሲያልቅ ከሦስቱ ጋር አስተያይተሽ እንደገና ጻፊና ወደ አሳታሚው ሂጂ። ያኔም «ፎቶው ሽፋኑ ላይ» የሚል ከሆነ አመስግነሽው ረቂቅሽን ተቀብለሽው ውጪ፤ ለሌላ ታሳዪዋለሽ።